ሃያ ሁለተኛው ሥዕል

ይህ ታሪክ ሊነገር የሚገባው መሆኑን አሁንም እጠራጠራለሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። አንደኛ ነገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ያውም የሳይንስ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ተቀምጣ ስለ ካርታ አንባቢ ሴት ጻፈች ቢባል የሚስቅብኝ ብዙ ነው። ሁለተኛ ነገር፣ በታሪኩ ውስጥ የእኔ ድርሻ የሚያስመሰግን አይደለም። ይህንኑ ለዶርም ጓደኛዬ ብነግራት፣ «ያልሠራሽውን ጀግንነት ከምትጽፊ የሠራሽውን ጥፋት ብትጽፊ ይሻላል» አለችኝ። ስለዚህ ሦስተኛውን ወረቀት ጀምሬያለሁ። አንባቢዎቼ፣ መሳቅ ካለባችሁም እስከ መጨረሻው ታገሡኝና ሳቁ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። ቤታችን ኮልፌ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ዝቅ ብሎ ነው። ያኔ ሰው ሲልከኝ ደስ የሚለኝ ልጅ ነበርኩ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር የእድሩን ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ነኝ። «ገነት እኮ ጨዋ ናት» ሲባል ከሰማሁ የዕለት ምሳዬን ብረሳው ግድ የለኝም ነበር።

ቤታችን ግን ደስታ አልነበረበትም። ወንድሜ ደረጀ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በየወሩ ይጽፍልን ነበር። እማዬ ማንበብ ባትችልም የእሱን ጽሕፈት ከሩቅ ታውቀዋለች፤ ፊደሎቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ጋደል ያደርጋቸዋል። ከጥር ወር ጀምሮ ደብዳቤው ቆመ። በሰኔ አብሮት የነበረ ልጅ ለእረፍት መጣና፣ «ከዚያ ከውጊያው ቀን ወዲህ አላየሁትም» ብሎ አንገቱን ደፋ። አጎቴ ደግሞ ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር፣ «እርማችንን እናውጣ እንጂ። ነፍሱም ፍታት ይገባታል» ይል ጀመር።

እማዬ እሺም እምቢም ሳትል ከረመች። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ጠዋት ግን አጎቴ ሰምቶ እንዲሄድ ጮክ ብላ ተናገረች።

«እትዬ አመለወርቅ ዘንድ እሄዳለሁ። ካርታቸው ሞቷል ካለ ድንኳን እተክላለሁ። አለ ካለ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ደረጀ እንዳያናግረኝ!»

እማዬ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ስለዚህ የወንድሜ መሞትና አለመሞት በእኛ ቤት የሚወሰነው በእትዬ አመለወርቅ ካርታ ሆነ።

እትዬ አመለወርቅ ከእኛ ግቢ ሁለት በር አልፎ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። በወጣትነታቸው አንዲት ጣሊያናዊት ቤርጎ ውስጥ አልጋ ያነጥፉ ነበር። ሴትዮዋን እስከ ዛሬ «ሲኞራ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ካርታ ማንበብ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ካርታው ሰው ከሚቆምርበት የተለየ ነው፤ ሃያ ሁለት ትልልቅ ሥዕሎች አሉት። እትዬ አመለወርቅ ለሥዕሎቹ የራሳቸውን ስም አውጥተውላቸዋል። ፋኖስ የያዘውን ሽማግሌ አባ ፋኖስ ይሉታል። በአንድ እግሩ ታስሮ ቁልቁል የተንጠለጠለው ሰው ቁልቁሌ ነው። ከራሷ በላይ ኮከብ ወጥቶላት ውሃ የምታፈሰው ሴት ኮከቧ ናት። ማጭድ የያዘው አጽም ደግሞ አጫጁ ነው።

ሥዕሎቹ ለማንበብ ብቻ አልነበሩም። ለታመመ፣ ምጥ ለጠናባት፣ ሰው ለራቀባት አንዱን ሥዕል በነጭ ክር ያስሩና በከንፈራቸው የሚሉትን ብለውበት ያውሳሉ። የተዋሰው ሰው ትራሱ ሥር ያሳድረዋል። ያ ሥዕል ተመልሶ ሃያ ሁለቱ እስኪሞሉ ድረስ ግን ለማንም ሰው አያነቡም። «የጎደለ ካርታ ይዋሻል» ብላቸዋለች ሲኞራ። በዚህ ምክንያት ከማንኛውም ጥያቄ በፊት ካርታውን ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እስከ ሃያ ሁለት።

ዘመኑ እንዲህ ያለውን ነገር ኋላ ቀር ልማድ ይለዋል። በቀበሌ ስብሰባ ሁለት ጊዜ ስማቸው ተነሥቷል። የሊቀመንበሩ ሚስት ግን በጓሮ በር ትገባለች።

ከእኔ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ምስጢር ነበራቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። የሰውን ፊት እንደ ጉም ያዩታል፤ ሥዕሉን ግን ጨርሶ አያዩትም። አሮጌውን ካርታ የሚያውቁት በጣታቸው ነበር። አባ ፋኖስ ጥጉ ተቃጥሏል፣ ቁልቁሌ ወገቡ ላይ ታጥፏል፣ ኮከቧ ሰም ነጥቦባታል። በሐምሌ ጣራቸው አፈሰሰና ያ ካርታ በሙሉ እንደ ራሰ ቂጣ ተጣበቀ።

እማዬ በተናገረች በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ገኒ፣ ዓይን አውሺኝ» አሉኝ። «ሌላ ካርታ ልንመርጥ ነው።»

የምንሄደው አየር ጤና ነበር። የሲኞራ የወንድሟ ልጅ ሙሴ ካርሎ እዚያ ጋራዥ አለው። አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ የእኛው አገር ሰው ናት። ሲኞራ ስትሞት ዕቃዋን የወረሰው እሱ ነው። በውይይት ታክሲ ፊት ለፊት ተፋጥጠን ስንሄድ እኔ የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እማዬ የምትመጣው ማክሰኞ ነው፤ ዛሬ የምንመርጠው ካርታ የሚያወጣው ሥዕል እማዬን ወይ ያኖራታል ወይ ይገድላታል።

ሙሴ ካርሎ ከአንድ አሮጌ ፊያት ሥር እግሩ ብቻ ይታይ ነበር።

«ካርሊኖ!» አሉ እትዬ አመለወርቅ። «ውጣ፣ እንግዳ መጥቶብሃል።»

«አመሌ?» ድምፁ ከመኪናው ሥር ወጣ። «አሁንም አልሞትሽም?»

«አንተን ሳልቀብር? ገላህን ያጠብኩህ እኔ፣ የምገንዝህም እኔ ነኝ።»

እየሳቀ ወጣ። ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ግንባራቸውን ሳማቸው። የመጡበትን ሲነግሩት ወደ ውስጥ ገባና የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ ተመለሰ። በውስጡ ሦስት ካርታዎች ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው በጨርቅ የተጠቀለሉ።

«ሦስቱም የአክስቴ ናቸው» አለ። «አንዱን ውሰጂ፤ ሁለቱ ለእኔ ማስታወሻ ይቅሩ። ግን ከወሰድሽ በኋላ መቀየር የለም። ጎማ እንኳ አንዴ ከተገጠመ አልመልስም!»

በርጩማ አመጣልንና ወደ መኪናው ተመለሰ። እኔ ካርታዎቹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

የመጀመሪያው ጠርዙ ወርቅማ ነበር። እንዲህ የሚያምር ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም። ሰዎቹ ሁሉ የሠርግ ልብስ የለበሱ ይመስላሉ፣ ጉንጫቸው ቀይ ነው። ቸኩዬ አጫጁን ፈለግሁት። በዚህ ካርታ አጽም አይደለም፤ ነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ አበባ ያለበት ባንዲራ የያዘ መልከ መልካም ጎልማሳ ነው። ልቤ አረፈ። እማዬ ይህን ብታይ እንኳ አትደነግጥም።

«ይህ ነው እትዬ» አልኩ። «ይህን እንውሰድ።»

«ቀስ በይ። ቁልቁሌን አውጪልኝ። እጁ የት ነው?»

«እጁ?»

«አዎ፣ ፊቱን ተዪው። ሥዕል በፊቱ ይዋሻል፣ በእጁ አይዋሽም።»

አየሁት። «እጁን ደረቱ ላይ አጣምሯል።»

«ቁልቁል ተሰቅሎ?»

«አዎ። ፈገግም ብሏል።»

«ፎቶ ሊነሣ ነው የመጣው» አሉና ካርዱን ከእጄ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከጆሯቸው አጠገብ አድርገው ጎንበስ ቀና አደረጉት። «ቅባቱ ወፍራም ነው። ጣቴ ይንሸራተታል። ለሀብታም ልጅ መጫወቻ ነው። ቀጥይ።»

ሁለተኛው አዲስና ስስ ነበር። ከእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ ጽሑፍ ታትሞበታል። «ጽሑፍ ካለው ሰው ሥዕሉን ትቶ ጽሑፉን ነው የሚያየው» ብለው ሳይነኩት መለሱት።

ሦስተኛውን ሳየው አልወደድኩትም። መስመሩ ወፍራም፣ ቀለሙ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ብቻ ነው። ሰዎቹ ዓይናቸው ትልልቅ ሆኖ ወደ ጎን ያያሉ። አጫጁን ስገልጠው ደግሞ በመዳፌ ሸፈንኩት። ቆዳ የሌለው አጽም በጥቁር መሬት ላይ ያጭዳል። ያጨደው ሣር አይደለም።

«ይህኛው አያምርም» አልኩ በፍጥነት።

«መንገደኛውን አውጪው። ዘንግ ይዞ የሚሄደውን ጅሉን። ውሻ አለ?»

«አለ።»

«ምን ያደርጋል ውሻው?»

«ሱሪውን... ሱሪውን ከኋላ ቀድዶታል።»

«መቀመጫው ይታያል?»

አፈርኩ። «በትንሹ።»

እትዬ አመለወርቅ ሳቃቸው ጋራዡን ሞላው። «እሰይ! ይህ የኛ ሰፈር ሰው ነው! ወርቁ ካርታ ላይስ ውሻው ምን ያደርግ ነበር?»

«ይዘል ነበር። ይጫወታል።»

«አየሽ? ችግር ላይ ያለን ሰው የሚጫወት ውሻ ይዤ ልጠብቀው? ሱሪው የተቀደደ ሰው ነው ቤቴ የሚመጣው። አሁን ቁልቁሌ። እጁ የት ነው?»

«አይታይም። ከኋላው ነው። የታሰረ ይመስለኛል።»

«እሱ ነው» አሉ። ካርዱን ተቀብለው በሁለት ጣታቸው ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቆዳ ድምፅ ሰጠ። «ይህ ጣቴን ይሰማል። አስሬ ላውሰው እችላለሁ፣ ትራስ ሥር ቢያድር አይሰበርም። ገኒ፣ ካርታ እንደ ሚስት ነው የሚመረጠው ይላሉ። ውሸት ነው። ካርታ እንደ ሐኪም ነው የሚመረጠው። ክፉውን ሲያይ የማይደበቅ መሆን አለበት።»

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለቱን ሥዕሎች አንድ በአንድ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የማን ዓይን ወዴት ያያል፣ የማን እግር መሬት ረግጧል፣ እጅ ምን ይዟል፣ ከሰውየው ኋላ ምን አለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። አንዱንም ደግመው አልጠየቁኝም። ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ጀምረው በቃላቸው መለሱልኝ፤ የተሳሳቱት ነገር አልነበረም። ለፈተና አንድ ምዕራፍ ለመያዝ ሌሊቱን ስታገል ያደርኩ ልጅ ነበርኩና አፌን ከፍቼ አየኋቸው።

የቀረው ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር። ካርታውን ቤቴ ወስጄ የእያንዳንዱን ጠርዝ በመርፌ እንድወጋው አዘዙኝ። ለአባ ፋኖስ ጥጉ ላይ አንድ ነጥብ፣ ለኮከቧ ሁለት፣ ለቁልቁሌ መሐል ጎኑ ላይ ሦስት፤ ለሁሉም እንዲሁ። ነጥቡን በዓይን የሚያየው የለም፤ ጣት ግን ያገኘዋል።

እሑድና ሰኞ በመርፌ ስወጋ ዋልኩ። በጥንቃቄ ሠራሁ፤ ሥራዬ ንጹሕ ነበር። አጫጁ ጋ ስደርስ ግን መርፌውን አስቀመጥኩ። እማዬ ጓዳ ሆና ታንጎራጉራለች። ደረጀ ሕፃን ሳለ የምታስተኛበት ዜማ ነው። አጫጁን አንሥቼ የፊዚክስ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት፤ ደብተሩንም ሣጥን ሥር። ሃያ አንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ለእትዬ አመለወርቅ ሰጠሁ። «ጎበዝ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። በሕይወቴ የከበደኝ ምስጋና ያ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ገባች። እኔ ከኋላዋ። እትዬ አመለወርቅ ትንሿ ጠረጴዛቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ይጠብቁ ነበር።

«ቁጭ በይ አስቴር» አሏት። «ከመጠየቅሽ በፊት ልቁጠር።»

መቁጠራቸውን ማወቅ ብቻ ሳይሆን መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። ፍርሃት ግን ያንን ሁሉ አስረስቶኝ ነበር። ትዝ ያለኝ አሁን ነው።

«አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሃያ አንድ።» ጣታቸው ባዶው ጨርቅ ላይ አረፈ።

እማዬ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ መሬት።

«አንዱ ቤት ቀርቷል» አሉ በተረጋጋ ድምፅ። «ልጅቷ ስትሠራ ረስታው ነው። ትሂድና ታምጣው። እኛ እስከዚያ እንጫወታለን።»

እስከ ደጃፍ ሸኙኝ። በሩ ጋ ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብለው፣ «አጫጁ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ሰው ንግሥት አይደብቅም፣ ገኒ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። «ፈልጌ አጣሁት ብትዪም አምንሻለሁ» አሉ። «ለእናትሽ ግን ዛሬም፣ ነገም፣ መቼም አላነብላትም። አንቺ ምረጪ።» ወደ ውስጥ ተመለሱ።

ከእሳቸው ደጃፍ እስከ ቤታችን መቶ እርምጃ አይሞላም። ያን ቀን ግን ቀራንዮ ድረስ የተጓዝኩ ያህል ደከመኝ። ደብተሩን አወጣሁ። አጫጁ ከኒውተን ሕጎች መሐል ተኝቶ አየኝ። ከቤታችን በታች የክረምቱ ጎርፍ በቦዩ ይወርዳል፤ አንዴ ብወረውረው ማንም አያገኘውም። ካርታ ሳይነበብ ይቀራል፣ እማዬም እሺም እምቢም ሳትል ትኖራለች። ቦዩ ዳር ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ያቆመኝ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። እሳቸው ዓይን የተዋሱት ከእኔ ነው፤ ያ ነው ያቆመኝ። ዓይናቸው ሆኜ ብዋሻቸው በምን ያያሉ?

ይዤው ተመለስኩ። እትዬ አመለወርቅ ተቀብለው ከሌሎቹ ጋር ቀላቀሉት። እንደገና ቆጠሩ። ሃያ ሁለት።

«አሁን ጠይቂ አስቴር። ሦስት ታወጫለሽ። ያለፈው፣ ያለው፣ የሚመጣው።»

«ልጄ ደረጀ አለ ወይ?» አለች እማዬ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር።

የመጀመሪያው ሠረገላው ወጣ። እትዬ አመለወርቅ ጠርዙን ዳስሰው፣ «የሄደበት መኪና ነው» አሉ። ሁለተኛው ቁልቁሌ ነበር። «ያለበት ይህ ነው። ተንጠልጥሏል።» ሦስተኛውን እማዬ ራሷ ገለበጠችው።

እትዬ አመለወርቅ ጣታቸውን በጠርዙ ዙሪያ አዞሩ። አንድም ነጥብ አልነበረበትም። ያልወጋሁት እሱን ብቻ ነው። በነጥብ አልባነቱ አወቁት።

እማዬ ለማወቅ ጣት አላስፈለጋትም። አጽሙን አይታ ተነሣች። ነጠላዋን አውርዳ ለለቅሶ እንደሚደረገው ማዘቅዘቅ ጀመረች።

«በቃ» አለች። «በቃ፣ ልጄን።»

«ቁጭ በይ አስቴር።»

«ምን ቀረኝ ብዬ ነው የምቀመጠው!»

«ቁጭ በይ አልኩሽ! ለቅሶ የትም አይሄድብሽም። ጥያቄሽን ሳልጨርስልሽ ከቤቴ አትወጪም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። በእማዬ ፊት ምስጢራቸውን ሲያወጡ ድምፃቸው አልተለወጠም። «ገኒ፣ እኔ አላይም። ዓይን ሁኚኝ። ከአጫጁ እግር ሥር ምን አለ?»

እማዬ ደንግጣ አየቻቸው። እኔ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አልኩ።

«ጭንቅላት» አልኩ።

«ሌላስ? ሁሉንም ተናገሪ።»

«እጅ። የተቆረጠ እጅ መሬት ላይ ወድቋል። እግርም አለ።»

«የቁልቁሌ እጅስ የት ነው?»

«አይታይም።»

«ፊቱ?»

«ዓይኑ ተገልጧል። የሞተ ሰው ፊት አይደለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አስቴር፣ ልጅሽ ደብዳቤ በማን እጅ ነበር የሚጽፈው?»

«በራሱ ነዋ! በማንም አያስጽፍም። የእጁን ጽሕፈት እንደማውቀው ያውቃል።»

«እንግዲያስ እጁን ምን ያዘው? ለምን ይህን አልጠየቅሽም?»

እማዬ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«የመጣው ልጅ ሲሞት አየሁት አለሽ?»

«አላየሁትም ነው ያለኝ።»

«አላየሁትም መርዶ ነው እንዴ? ስሚኝ። እኔ አለም ሞተም አልልሽም። ካርታ መርዶ ነጋሪ አይደለም። የማየው የተቆረጠ ነገር ነው፣ ሌላ አላይም። ድንኳንም አትትከዪ፣ ቤትሽ ተቀምጠሽም አትጠብቂ። ተነሺ፤ ቁስለኛ የሚታከምበትን ቦታ ሁሉ በስሙ ጠይቂ። ክፉም ቢሆን በእግርሽ ሄደሽ የምታገኚው እውነት ተቀምጠሽ ከምታገኚው ይሻላል።»

እማዬ ሁለት በር ይዛ ነበር የመጣችው። እሳቸው በሦስተኛ በር አስወጧት።

ስንነሣ ኮከቧን መርጠው በነጭ ክር ሦስት ጊዜ አሰሯት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የሰማሁት «የሄደ ይመለስ፣ የጎደለ ይሙላ» የሚለውን ብቻ ነው። ለእማዬ ሰጧት። «ልጅሽን ይዘሽ መልሻት» አሉ። «ካልተገኘም ብቻሽን መልሻት። እስከዚያ በሬ ዝግ ነው።»

ፍለጋችን ከዚያው ዕለት ጀምሮ ሦስት ቀን ፈጀ። የመጀመሪያው ሆስፒታል ስሙ የለም ተባልን። ሁለተኛው በር ላይ ዘበኛው፣ «እናቴ፣ ነገ ይምጡ» አለ፤ በማግሥቱም «ነገ» አለ። ሐሙስ ጠዋት እማዬ ከፊቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ነገ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ» አለችው። በመጨረሻ አንዲት ነርስ መዝገብ ይዛ ወጣች፤ ጣቷ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ እኔም በዓይኔ ተከተልኩት። ጣቷ ቆመ።

ደረጀ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። እማዬ ሄዳ ያን የቀረውን ክንዱን በሁለት እጇ ያዘችና ጉንጯን አስጠጋችበት። እኔ ነኝ የጮህኩት።

«ለምን አልጻፍክም! ስምንት ወር ሙሉ!»

«በሰው እጅ ባስጽፍ እማዬ ጽሕፈቱን አይታ ሞቷል ትላለች ብዬ» አለ። ትራሱን በግራ እጁ አነሣ። ከሥሩ የወረቀት ክምር አለ። ሁሉም ላይ «ይድረስ ለምወድሽ እናቴ» ይላል፤ ፊደሎቹ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ይወላገዳሉ። ከላይ ያሉት ትንሽ ተስተካክለው፣ ወደ አንድ ጎን ጋደል ማለት ጀምረዋል። «የድሮውን እስኪመስል እየተለማመድኩ ነበር። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

አንባቢዎቼ፣ ካርታ የወደፊቱን ያውቃል ብዬ ልሰብካችሁ አልተነሣሁም። የፊዚክስ መምህራችን ቢጠይቀኝ የምመልስለት የለኝም። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ አጫጁ ደብተሬ ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ «ተንጠልጥሏል፣ ታገሺ» ተብላ እማዬ ቤቷ ትቀመጥ ነበር። ወንድሜም ፊደሉ እስኪያምርለት ይጠብቃል። ሁለቱም ለመዋደድ ብለው እየተጠባበቁ ስንት ወር ይሄድ እንደነበር አላውቅም። ከሁሉም የምትፈራው ሥዕል ናት መንገድ ያሳየችን። እናንተም ለምትወዱት ሰው ብላችሁ አንድ ነገር ደብተር ውስጥ የከተታችሁ እንደሆነ፣ ከሃያ ሁለቱ አንዱ ሲጎድል የቀሩት ሃያ አንዱ እንደሚዋሹ አስቡ።

ይበልጥ የማስበው ግን ስለ እትዬ አመለወርቅ ነው። በዓይናቸው አለማየታቸው ቢታወቅ እንጀራቸው ይቋረጥ ነበር፤ ለእማዬ ሲሉ በአንድ ቃል አወጡት። ኮከቧ እማዬ ዘንድ በቆየችባቸው ሳምንታት ለማንም አላነበቡም። የሊቀመንበሩ ሚስት በጓሮ በር ሦስት ጊዜ መጥታ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። «አንዷን ዘለው ያንብቡልኝ» ብትላቸው፣ «ባልሽ ስብሰባ ሲመራ አንዱን አጀንዳ ይዘላል?» አሏት። አንዱ ጎድሎም ቢያነቡ የሚቆጥርባቸው ሰው አልነበረም። የሚቆጥሩት ራሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ ሰው ሲያየኝ ጨዋ የሆንኩ ልጅ ነበርኩ። ማንም ሳያይ መቁጠርን ያየሁት እሳቸው ዘንድ ነው። ዛሬ ላቦራቶሪ ገብቼ የማይመች ቁጥር ሲወጣልኝ ላጠፋው እጄ ይቃጣል። ያኔ ያ ባዶ ጨርቅ ላይ ያረፈ ጣት ትዝ ይለኛል፤ ቁጥሩን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ደረጀ ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ቤታችን ሳንገባ በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄድን። እትዬ አመለወርቅ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የእግራችንን ድምፅ ቆጠሩ መሰለኝ፣ ሦስት ሰው መሆናችንን አውቀው ተነሡ። ደረጀ ነጩን ክር በጥርሱና በግራ እጁ ፈትቶ ኮከቧን መዳፋቸው ላይ አኖራት። እሳቸው ያን ግራ እጁን ይዘው ለረጅም ጊዜ ዳሰሱት፣ ጣት በጣት።

«ይህ እጅ ቀለም ነክቶታል» አሉ።

ከዚያ ቤት ገብተው ጨርቁን ዘረጉና ጮክ ብለው ቆጠሩ። አጫጁ ጋ ሲደርሱ ጠርዙን ዳስሰው ቆም አሉ። እስከ ዛሬ አልወጋሁትም፣ አትንኪው ብለውኛል። ፈገግ ብለው ቀጠሉ። የመጨረሻዋ ኮከቧ ነበረች።

«ሃያ ሁለት።»

መስከረም 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር።